የጠጪው ፍርድና የቢራ ጠማቂው ጆሮ

ጠላ ሻጭ የሆነች ሴት የጥንስሷን መልካምነት ለማወቅ የሌላ ሰው ጽሑፍ አያስፈልጋትም። እንግዳው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጨልጦ ሁለተኛውን ሲጠይቅ ታያለች፤ ወይም ግማሹን አስቀምጦ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ታያለች። ጌሾው በዝቶ እንደ ሆነ፣ ጠላው ቀጥኖ እንደ ሆነ፣ ጋኑ በወይራ ሳይታጠን ቀርቶ እንደ ሆነ የሰውየው ፊት ይነግራታል። በሚቀጥለው ጥንስስ ታርመዋለች፤ ካላረመችውም ደንበኛው ወደ ጎረቤቷ ቤት እንደሚሻገር ታውቃለች።

ዳሩ ግን መጠጡ በቆርቆሮና በጠርሙስ ታሽጎ ከተጠመቀበት ከተማ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚሸጥበት አገር ጠማቂው የጠጪውን ፊት አያይም። የሚያየው የአከፋፋዩን የትእዛዝ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱም ሽያጭ ቀንሷል ይላል እንጂ ለምን እንደ ቀነሰ አይናገርም። ይህን ባዶ ቦታ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የሞላው የኢንተርኔት መረብ ነው። ዛሬ በአሜሪካ አንድ ሰው ቢራ ከፍቶ ሁለት ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ሐሳቡንም ይጽፋል። ጽሑፉን ጠማቂው፣ ተፎካካሪው፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትና ገና ሊገዛ የሚያስበው ሰው እኩል ያነቡታል።

በዚህም ምክንያት በአነስተኛ ቢራ ጠማቂዎች ዘንድ ብዙ ክርክር የሚያስነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ጠማቂው ይህን ሁሉ ፍርድ ሊሰማ ይገባዋልን? ቢሰማስ የትኛውን ሰምቶ የትኛውን ሊተው? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ጠማቂዎች እነማን ናቸው?

የአሜሪካ የጠማቂዎች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ብሩወርስ አሶሲየሽን የተባለው፣ ክራፍት የሚባለውን ጠማቂ በሁለት ነገር ይለየዋል። የዓመት ምርቱ ከ6 ሚሊዮን በርሜል መብለጥ የለበትም፤ ከድርጅቱም ሩብ ወይም ከዚያ የበለጠው ድርሻ ራሱ ክራፍት ጠማቂ ባልሆነ የአልኮል መጠጥ ኩባንያ እጅ መሆን የለበትም። የአሜሪካ የቢራ በርሜል 117 ሊትር ያህል ይይዛልና 6 ሚሊዮን በርሜል ትንሽ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ጣሪያ አጠገብ የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአገሪቱ ካሉት ከ9,000 በላይ የሆኑ ጠማቂዎች መካከል የሚበዙት በዓመት አንድ ሺህ በርሜል እንኳን የማይሞሉ፣ ባለቤቱ ራሱ ብቅል የሚፈጭባቸው፣ ሚስቱ ወይም ወንድሙ ሒሳብ የሚይዝባቸው ቤቶች ናቸው።

ለእነዚህ ቤቶች ዘመኑ አስቸጋሪ ሆኗል። በ2024 የተዘጉት ቢራ ጠማቂዎች ቁጥር ከተከፈቱት በለጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ የሥራ መስክ ለሃያ ዓመታት ያህል አልታየም ነበር። ለማስታወቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም። ስማቸው የሚነገረው በጠጪው አፍ ወይም በጠጪው ጣት ነው።

የነጥቡ ዋጋ በገንዘብ ሲታይ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያመለክት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። የሃርቫርድ መምህር የነበሩት ማይክል ሉካ በ2011 ባወጡት ጽሑፍ የሲያትል ከተማን ምግብ ቤቶች ገቢ የልፕ በተባለው የአስተያየት መድረክ ላይ ካገኙት የኮከብ ብዛት ጋር አስተያይተዋል። አንድ ኮከብ መጨመር ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አገኙ። የበለጠው ቁም ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ጭማሪው የታየው ራሳቸውን ችለው በቆሙ ቤቶች ላይ እንጂ በየከተማው አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ምግብ ባላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ላይ አልነበረም። ትልቁን ድርጅት ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ትንሹን ግን የሚያውቀው ሌላው ሰው በጻፈለት ነው። ስለዚህ ምንም ደንታ የለኝም የሚለው ትንሽ ጠማቂ፣ አነጋገሩ ደፋር ቢመስልም፣ የሚናገረው ስለ ራሱ እንጀራ ነው።

ነገሩ ከእኛም አገር የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ከልክሏል። ማስታወቂያ በተዘጋበት በር የጠጪው ወሬ መግባቱ አይቀርም። የሆቴሎቻችንና የአስጎብኚ ድርጅቶቻችን ባለቤቶችም ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ሻንጣውን ሳያዘጋጅ ምን አንብቦ እንደሚመጣ ካወቁ ቆይተዋል።

የሚዛኑ አሠራር

ስለ ቢራ ብቻ ከተቋቋሙት መድረኮች መካከል ቀደምት የሆነው ቢር አድቮኬት ነው። ጄሰንና ቶድ አልስትሮም የተባሉ ወንድማማቾች በ1996 በቦስተን አቋቋሙት። ቀጥሎ በ2000 ሬት ቢር መጣ። በ2010 ደግሞ በእጅ ስልክ የሚሠራው አንታፕድ ተጀመረ፤ ይህኛው ነጥቡን የሚሰጠው በቆርኪ ብዛት ሲሆን ከፍተኛው አምስት ቆርኪ ነው።

ቀደምቶቹ መድረኮች ከጸሐፊው ብዙ ይጠብቁ ነበር። በቢር አድቮኬት አሠራር ጣዕሙ ከመቶ 40፣ መዓዛው 24፣ ጠቅላላው ስሜት 20፣ በአፍ ውስጥ የሚሰጠው ክብደትና ልስላሴ 10፣ መልኩ 6 ይይዛል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚመዝን ሰው ቢያንስ ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። በስልክ የሚሰጠው ቆርኪ ግን የአንድ ጣት ሥራ ነው። ሰውየው በጓደኛው ሠርግ ላይ ሆኖ፣ ወይም አራተኛውን ብርጭቆ ጨርሶ፣ ወይም ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም፤ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር ተደምሮ አማካዩ ይወጣል።

ብዙ ጠማቂዎች የሚያማርሩት በዚህ ላይ ነው። ቅሬታቸውም እውነት አለው። ጥቁርና መራራ የሆነውን ስታውት የማይወድ ሰው ስታውት አዝዞ፣ ስታውት አልወድም ብሎ ጽፎ፣ አንድ ቆርኪ ሰጥቶ ይሄዳል። በርበሬ የማይበላ ሰው ዶሮ ወጥ አዝዞ አቃጠለኝ እንደማለት ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ጠማቂው የሚማረው አንድም ነገር የለም።

ከዚህም ሌላ ሚዛኑ ራሱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በእነዚህ መድረኮች የከፍተኛ ነጥብ ሰንጠረዥ ላይ ዘወትር የሚታዩት አልኮላቸው የበረታ ጥቋቁር ስታውቶችና ሆፕ የተባለው የቢራ ጌሾ እጅግ የበዛባቸው ደፍራሽ ቢራዎች ናቸው። ጥርት ያለው፣ ቀለል ያለው ላገር ከሥር ይቀመጣል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። ንጹሕ ላገር መጥመቅ ከባድ ሥራ ነው፤ የሚሸሸግበት ነገር የለውምና ትንሿ ስሕተት ወዲያው ትታወቃለች፤ በቀዝቃዛ ጋን ውስጥም ለሳምንታት ማረፍ ይፈልጋል። ጠማቂው ነጥብን ብቻ እየተከተለ ቢሄድ በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው አንድ ብርጭቆ ቀምሶ የሚያደንቀው፣ ግን ሁለተኛውን የማያዝዘው ቢራ ላይ ነው። የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው ብርጭቆ ነው።

በዚህ ላይ ምሁራንም ተመራምረዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2013 ከቢር አድቮኬትና ከሬት ቢር የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ አስተያየቶችን መርምረው ጀማሪ ጠጪና ልምድ ያለው ጠጪ በአንድ ዓይነት ሚዛን እንደማይመዝኑ አሳይተዋል። ልምድ ያላቸው እርስ በርሳቸው ይበልጥ ይስማማሉ፤ ምርጡን ይበልጥ ከፍ ያደርጋሉ፣ ደካማውንም ይበልጥ ዝቅ ያደርጋሉ። አንዳንዱ የቢራ ዓይነት በልምድ የሚወደድ መሆኑም በዚሁ ጥናት ታይቷል። በዚያው ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ሙከራ፣ ስለ ቢራ ባይሆንም፣ ለጠማቂው የሚጠቅም ነገር ያስረዳል። ተመራማሪዎቹ በአንድ የዜና መድረክ ላይ በሚጻፉ አስተያየቶች ላይ በዕጣ እየመረጡ ገና ከመነሻው አንድ የድጋፍ ድምፅ ጨመሩባቸው። እነዚያ አስተያየቶች በመጨረሻ ያገኙት ነጥብ በአማካይ 25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የኋለኛው ሰው የፊተኛውን ሰው ፍርድ አይቶ ነው የሚፈርደው ማለት ነው። አዲስ ቢራ በወጣበት የመጀመሪያ ሳምንት የሚሰጠው ነጥብ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ የሚከብደው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል።

ቁጥሩ ሳይሆን ቃሉ

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ አስተያየትን ናቅ ለሚያደርገው ጠማቂ የሚመች ነው። ነገር ግን ከነጥቡ ሥር የተጻፈው ቃል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ጥቅምም ያለው እዚያ ነው።

በቺካጎ ከተማ በ1988 የተመሠረተው ጉስ አይላንድ የተባለው ጠማቂ፣ ከ2011 ጀምሮ በትልቁ የአንሃይዘር ቡሽ ኩባንያ እጅ የገባ ስለ ሆነ በማኅበሩ አነጋገር ክራፍት አይባልም፤ የደረሰበት ነገር ግን ለትንሹም ለትልቁም ትምህርት ነው። ቡርቦን በሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በርሜል ውስጥ የሚያስቀምጠው ቡርቦን ካውንቲ ስታውት በየዓመቱ በኅዳር ወር መጨረሻ ሲወጣ ሰው በብርድ ተሰልፎ ይገዛዋል። የ2015ቱ ምርት ከወጣ በኋላ ግን ከጠጪዎች መካከል አንዳንዶቹ ቢራው ይጎመዝዛል ብለው በኢንተርኔት ላይ መጻፍ ጀመሩ። በቡና የተሠራውና ባርሊ ዋይን የተባለው ዓይነት በተለይ ተጠቀሰ። ድርጅቱ ነገሩን በቤተ ሙከራ አስመርምሮ ላክቶባሲለስ አሴቶቶለራንስ የተባለ ባክቴሪያ እንደ ገባበት በጥር 2016 አስታወቀ። ገዢዎቹ በጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቁጥር እየጠቀሱ ገንዘባቸውን እንዲመልሱላቸው ተደረገ። በዚያው ዓመት ቆየት ብሎ ተጨማሪ ጠርሙሶች በዚሁ ሁኔታ ተመለሱ። ከዚያ ዓመት ምርት ጀምሮም ቢራው ከመታሸጉ በፊት በሙቀት እንዲያልፍ ተደረገ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ይጎመዝዛል ብሎ የጻፈው ሰው የሰጠው ቁጥር ምንም ያህል አስፈላጊ አለመሆኑን ነው። ምናልባት አምስት ሰጥቶት የነበረ ሰው ሦስት ሰጥቶት ይሆናል፤ ያ በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች አማካይ ውስጥ አይታይም። የታየው ቃሉ ነው። ስታውት ሊጎመዝዝ አይገባውም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ ከተማ ሆነው ይህንኑ ቃል ከጻፉ ጠማቂው የዚያን ዕለት ምርት ከመዝገብ ቤት አውጥቶ መቅመስ አለበት።

እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ወደ አንድ የሥራ ስፍራ ይጠቁማሉ። ጠጪው ቅቤ ቅቤ ይላል ብሎ ከጻፈ ነገሩ ዳያሴቲል ነው። እርሾው ሥራውን ሲሠራ ይህን ነገር ያወጣል፣ ጊዜ ከተሰጠው ግን መልሶ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጠማቂው ቸኩሎ ቢራውን አቀዝቅዞ እንደ ሆነ ያመለክታል። የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል ከተባለ ጭማቂው በኃይል አልፈላም፣ ወይም ከፈላ በኋላ ቶሎ አልቀዘቀዘም ማለት ነው። የረጠበ ካርቶን ይመስላል የተባለው ቢራ ሲታሸግ አየር ገብቶበታል፣ ወይም በሞቀ መጋዘን ብዙ ቆይቷል። ገና ያልበሰለ ፖም ይሸታል ከተባለ ሳይደርስ ወጥቷል ማለት ነው። በነጭ ወይም በአረንጓዴ ጠርሙስ ያለ ቢራ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ከሆፑ መጥፎ ሽታ ይወጣል፤ ቡናማ ጠርሙስ የተሻለ ይከላከላል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ፈጽሞ ያግዳል።

እነዚህን ቃላት የሚጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ የቃሉን ምሥጢር አያውቀውም። ቅቤ አለ እንጂ ዳያሴቲል አላለም። ይህ ቃሉን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ሙያ አውቃለሁ ብሎ ከሚራቀቀው ሰው ጽሑፍ ይልቅ ቀጥተኛው ቃል ይበልጥ ይታመናል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የጠማቂው አለመሆኑም በዚሁ መንገድ ይገኛል። ቢራው ከበርሜል ወደ ብርጭቆ የሚወርድበት ቱቦ ካልታጠበ በውስጡ ባክቴሪያ ያድጋል፤ ቅቤና ሆምጣጤ የሚመስል ጣዕምም ያመጣል። የጠማቂዎች ማኅበር በየሁለት ሳምንቱ እንዲታጠብ ያሳስባል፤ የማያሳጥቡ መጠጥ ቤቶች ግን አይታጡም። እንግዲህ ስለ አንድ ቢራ በአሥር ከተማ መልካም ወሬ እየተጻፈ በአንድ መጠጥ ቤት ብቻ ቅቤ ቅቤ ይላል ከተባለ፣ ጠማቂው ጋኑን ትቶ ወደዚያ መጠጥ ቤት መሄድ አለበት። ቅሬታው በሁሉም ስፍራ ከታየና የታሸገበት ቀን አንድ ከሆነ ግን በደሉ ከራሱ ቤት ነው። ይህን ለመለየት በቆርቆሮው ላይ የታሸገበት ቀን መታተም አለበት፤ ቀን የማያትም ጠማቂ የደረሰው ቅሬታ የየትኛው ጋን እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ጽሑፎቹን አንብቦ፣ ቁጥሩን ትቶ፣ ቃሉንና ስፍራውንና ቀኑን በደብተር ቢይዝ ይበቃል።

መመለስ ወይስ ዝም ማለት?

ቅሬታ ለጻፈ ሰው በአደባባይ መልስ መስጠት ይጠቅማልን? በዚህ ነገር ጥናቶቹ አንድ ቃል የላቸውም። በ2017 ስለ ቴክሳስ ሆቴሎች የወጣ ጥናት፣ ለእንግዶቻቸው አስተያየት መልስ መስጠት የጀመሩ ሆቴሎች ነጥባቸው በ0.12 ኮከብ ከፍ እንዳለና የሚጻፍላቸውም አስተያየት በ12 በመቶ እንደ ጨመረ ገልጿል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ባለቤቱ መልስ እንደሚሰጥ የታወቀ እንደ ሆነ ነቃፊው ሰሚ አገኘሁ ብሎ ይበልጥ እንደሚጽፍ፣ ነቀፋውም እንደሚረዝም አገኘ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም ለጠማቂው ሁለተኛው መጥፎ ዜና አይደለም፤ ረዥም ነቀፋ ከአንዲት ባዶ ቆርኪ የበለጠ ይናገራልና። የሚጎዳው ቁጣ ነው። ጠማቂው እኩለ ሌሊት ላይ ተናድዶ የጻፈው መልስ በማግስቱ ከቢራው ይልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ይገኛል።

የራስን ቢራ ራስ ማወደስ ወይም ወዳጅን ልኮ ማስወደስ ደግሞ ከነውርነቱ ሌላ ሕገ ወጥ ሆኗል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በነሐሴ 2024 ያወጣውና በጥቅምት ወር በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የሐሰት አስተያየት መጻፍን፣ መግዛትንና መሸጥን ከልክሏል፤ ቅጣቱም ደንቡ በወጣበት ጊዜ ለአንድ ጥፋት እስከ 51,744 ዶላር ይደርስ ነበር። በሌላ በኩል በ2016 የወጣው ሕግ ነጋዴው ደንበኛውን መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፍ በውል እንዳያስገድደው አድርጓል። ሕጉ እንግዲህ ሁለቱንም ወገን ይዟል።

ሚዛኑ የማን ነው?

ከሁሉ ይልቅ ጠማቂዎችን ያስቆጣው የጠጪው ፍርድ ሳይሆን የሚዛኑ ባለቤትነት ነበር። በዓለም ትልቁ የቢራ ኩባንያ የሆነው ኤ ቢ ኢንቤቭ፣ ዜድ ኤክስ ቬንቸርስ በተባለው ክፍሉ አማካይነት፣ በ2016 የሬት ቢርን ከፊል ድርሻ ገዝቶ ነበር፤ ነገሩ ለሕዝብ የታወቀው ግን በሰኔ 2017 ነው። ወዲያው የዶግፊሽ ሄድ መሥራች ሳም ካላጊዮኒ የድርጅታቸው ቢራዎችና ስለ እነርሱ የተጻፉት አስተያየቶች ከመድረኩ እንዲወጡ በአደባባይ ጠየቁ። ክርክራቸው ቀላል ነበር። ቢራ የሚሸጥ ድርጅት የተፎካካሪዎቹን ቢራ የሚመዝነውን ሚዛን መያዝ የለበትም የሚል ነው። በገበያ ላይ እህል የሚሸጥ ሰው የሰፋሪው ባለቤት ሆኖ ቢገኝ ማንም ዝም አይልም። ኩባንያው ግን በ2019 ሬት ቢርን ሙሉ በሙሉ ገዛው። አንታፕድን የሚያስተዳድረው ኔክስት ግላስ ደግሞ በ2020 ቢር አድቮኬትን ጠቀለለው። ሬት ቢር በየካቲት 2025 ተዘጋ፤ ሩብ ምዕት ዓመት የተጠራቀመ የጠጪዎች ቃል የነበረበት መድረክ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ የራሱን ቢራ አስተያየት በደብተር ያልያዘ ጠማቂ ከእንግዲህ ሄዶ የሚያነብበት ስፍራ የለውም።

ከምስጋና የሚመጣ ችግር

ነቀፋ ይጎዳል የሚለው ሁሉም የሚያውቀው ነው። ምስጋና እንደሚጎዳ የሚያውቁት ግን የደረሰባቸው ናቸው።

በቤልጅግ አገር በዌስትፍሌተረን መንደር የሚገኘው የቅዱስ ሲክስተስ ገዳም መነኮሳት ለገዳማቸው መተዳደሪያ የሚሆን ያህል ብቻ ቢራ ይጠምቃሉ። በ2005 የሬት ቢር ጸሐፊዎች ዌስትፍሌተረን 12 የተባለውን ቢራቸውን ከዓለም አንደኛ አሉት። ወሬው በጋዜጣ ከወጣ በኋላ መኪናው በገዳሙ በር ላይ ተሰለፈ፤ ያለው ቢራ አለቀ። ማንኛውም ነጋዴ በዚህ ጊዜ አዲስ ጋን ያስገባ ነበር። መነኮሳቱ ግን ምርታቸውን አልጨመሩም፤ በስልክ ቀጠሮ ላስያዘ ሰው ብቻ በተወሰነ መጠን መሸጡን ቀጠሉ። በ2012 የገዳሙን ሕንፃ ለማደስ ገንዘብ ስላስፈለጋቸው ለአንድ ጊዜ ብቻ ቢራቸውን ወደ ውጭ አገር ላኩ፤ ከዚያም ወደ ቀድሞው ልማዳቸው ተመለሱ። እየገዙ አትርፈው የሚሸጡ ሰዎች ስላስቸገሯቸው በ2019 የስልኩን ቀጠሮ በኢንተርኔት ቀጠሮ ለወጡት። እነዚህ ጠማቂዎች የደንበኛን አስተያየት አልሰሙም ማለት አይቻልም፤ ሰምተው እንቢ አሉ እንጂ።

ሁለተኛው ታሪክ የነጋዴ ነው። ጆን ኪሚችና ባለቤታቸው ጄን በ2003 በቨርሞንት ግዛት በዋተርበሪ ከተማ አልኬሚስት የተባለ መጠጥ ቤት ከፍተው በምድር ቤቱ ይጠምቁ ነበር። ከቢራዎቻቸው መካከል ሄዲ ቶፐር የተባለው፣ ያልተጣራ፣ 8 በመቶ አልኮል ያለውና ሆፕ የበዛበት ቢራ፣ ከቤቱ ውጭ አይሸጥም ነበርና አንዳንድ ደንበኞች ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት እየገቡ በጠርሙስ ገልብጠው ይወስዱት እንደ ነበር ይነገራል። ባልና ሚስቱ ቢራውን በቆርቆሮ የሚያሽግ አነስተኛ ፋብሪካ አዘጋጁ። ፋብሪካው ሥራ ሊጀምር ሲል በነሐሴ 28 ቀን 2011 አይሪን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ መጠጥ ቤቱን አጠፋው። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከአዲሱ ፋብሪካ ወጣ፤ ድርጅቱንም ያተረፈው ይኸው ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ በኋላ ሄዲ ቶፐር በቢር አድቮኬት ሰንጠረዥ ላይ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። ሰው ከሩቅ ግዛት በመኪና ይመጣ ጀመር። ከተማዋ ትንሽ ነችና መንገዱ ተዘጋ፤ ጎረቤቶች አቤት አሉ፤ በኅዳር 2013 ባለቤቶቹ የፋብሪካውን መሸጫ ሱቅ ዘጉት። ቢራው ተወድዶ ሳለ ሱቁ መዘጋቱ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያ መድረክ ላይ ከጻፉት ሰዎች አንዱም ስለ ጎረቤቶቹ መንገድ ነጥብ አልተጠየቀም ነበር። ሰፊ ማቆሚያ ያለው አዲስ ጠመቃና ሱቅ በስቶው ከተማ የተከፈተው በ2016 ነው።

ይህ ዓይነቱ ደፍራሽ ቢራ ከቨርሞንት ተነሥቶ በአገሪቱ ሁሉ ተዛመተ፤ በ2018 የጠማቂዎች ማኅበር ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ በመመሪያው ውስጥ አስገባው። ከዚያ በፊት መዝገብ የሚያውቀው መልካም ቢራ ጥርት ያለውን ነበር፤ ጠጪዎቹ የወደዱትን መዝገቡ ኋላ ደርሶበታል።

ጆን ኪሚች ግን በአንድ ነገር ለጠጪዎቹ አልተበገሩም። በሄዲ ቶፐር ቆርቆሮ ላይ ከቆርቆሮው ይጠጣ የሚል ትእዛዝ በትልቁ ታትሟል፤ መዓዛው እንዳይበተን የታሰበ ነው። አስተያየት ጸሐፊዎቹ ደግሞ ለመልኩ ከመቶ ስድስት ነጥብ መስጠት ስላለባቸው ወደ ብርጭቆ ይገለብጡታል፤ ገልብጠውም ደፍርሷል ብለው ይጽፋሉ።